የድል ዙር፦ አንድ የጎዳና አልበምና የሐዋሳ ጆሮ

ቱፓክ ሻኩር ሐዋሳን ረግጧት አያውቅም። ይሁንና ምስሉ በከተማዋ ባጃጆች መስታወት ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕልና ከእግር ኳስ ክለብ ዓርማ ጎን ተለጥፎ ለዓመታት ኖሯል። ፊፍቲ ሴንትም እንዲሁ። መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ራፐር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በገዛ ሱቁ ደጃፍ በጥይት ተመትቶ መሞቱ ሲሰማ፣ ራፕ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ የሟቹን ስም ሲያነቡ ቆም አሉ። ኤርሚያስ አስገዶም ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን ኒፕሲ ሀስል በሚለው የመድረክ ስሙ ነው።

«ለመሆኑ ይህ ሙዚቃ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። ወላጅ ከልጁ ክፍል የሚወጣውን ድምፅ ሲያዳምጥ ስድብ፣ ጥይትና ዛቻ ብቻ ይሰማዋል። ልጁ በበኩሉ «እውነቱን ነው የሚናገሩት» ብሎ ይሟገታል። እንግሊዝኛው ፈጣንና በሰፈር ቃላት የታጨቀ በመሆኑ፣ ሁለቱም የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ በቅጡ ባልገባቸው ግጥም ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጋንግስታ ራፕ የሚባለው ስልት ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት ቢደመጥ እንደሚሻል፣ ኒፕሲ ሀስል በ2018 ባወጣው «ቪክትሪ ላፕ» የተሰኘ አልበም አማካይነት ለማየት እንሞክራለን። (ዓ.ም. ተብለው ካልተገለጹ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካው ሲዘጋ

ሂፕሆፕ የተወለደው በ1970ዎቹ በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል ነው። መነሻው የሰፈር ጭፈራ ነበር። ዲጄው የአንድን ሸክላ የከበሮ ክፍል እየደጋገመ ያጫውታል፤ ሌላው ማይክሮፎን ይዞ በምቱ ላይ ቤት የሚመታ ንግግር ያወርዳል። ጋንግስታ ራፕ የዚህ ሙዚቃ ጨለም ያለ ልጅ ነው። በ1985 የፊላደልፊያው ስኩሊ ዲ፣ በ1986 የሎስ አንጀለሱ አይስ ቲ የወሮበላን ሕይወት በ«እኔ» አንደበት የሚተርኩ ዘፈኖች አወጡ። በ1988 ደግሞ ኤን.ደብሊው.ኤ. የተባለው ቡድን «ስትሬት አውታ ኮምፕተን» የተሰኘውን አልበም ሲለቅ ስልቱ በዓለም ፊት ወጣ። ኮምፕተን ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነች።

ለምን እዚያ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደቡብ ሎስ አንጀለስና አካባቢው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋብሪካ ሠራተኛ መንደር ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡባዊ ግዛቶች እየፈለሱ በጎማና በመኪና ፋብሪካዎች ተቀጥረው ቤት ሠርተውበታል። የፋየርስቶን ጎማ ፋብሪካ በ1980፣ የጄኔራል ሞተርስ መገጣጠሚያ በ1982 ተዘጉ። አባት ያለ ዲግሪ ቤተሰብ ያስተዳድርበት የነበረው ሥራ ለልጁ አልደረሰም። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ክራክ የተባለው ርካሽ የኮኬይን ዓይነት ሰፈሩን አጥለቀለቀው፤ ሥራ ላጣው ወጣትም የመንገድ ዳር ንግድ ሆነለት። በ1969 የተመሠረተው ክሪፕስና የእሱ ተቀናቃኝ ሆኖ የተነሳው ብለድስ የተባሉት የሰፈር ቡድኖች የሚዋጉበት ምክንያት ገንዘብ ሲጨመርበት ጠቡ ወደ አውቶማቲክ መሣሪያ አደገ። የከተማው ፖሊስ በሩን በብረት ለበስ ተሽከርካሪ እየሰበረ ቤት መፈተሽ ጀመረ። በሚያዝያ 1988 በአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ታፍሰዋል።

የኤን.ደብሊው.ኤ. አልበም የወጣው ይህ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ሙዚቃ «የእውነታ ራፕ» ሲሉት፣ ጋንግስታ የሚለውን ስም ያጸናው ጋዜጣው ነው። አልበሙ ፖሊስን የሚያወግዝ ዘፈን ስለነበረበት በነሐሴ 1989 የኤፍ.ቢ.አይ. አንድ ከፍተኛ ሹም ለአከፋፋዩ ኩባንያ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ያስገኘው ውጤት ግን ማስታወቂያ ነበር። ይኸው አልበም ከዓመታት በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይተላለፉ ብሎ ከሚመዘግባቸው ቅጂዎች አንዱ ሆኗል። ትናንት ለመንግሥት ስጋት የነበረው ዛሬ ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ድምፁም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሎስ አንጀለስ በእግር የሚኬድባት ከተማ አይደለችም፤ ሰው የሚውለው መኪና ውስጥ ነው። ስለዚህ የዌስት ኮስት ራፕ የተሠራው ለመኪና ድምፅ ማጉያ ነው። የኤን.ደብሊው.ኤ. አባል የነበረው ዶክተር ድሬ በ1992 «ዘ ክሮኒክ» በተሰኘው አልበሙ ምቱን ዘገም አደረገው፤ ቤዙን አወፈረው፤ በላዩ ላይ ቀጭን የኪቦርድ ዜማ አስኬደበት። ይህ ሙዚቃ በእኛ ሚኒባስና ባጃጅ ውስጥ የሚስማማው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያውኑ የተቀመመው ለጎማና ለመንገድ ነበር።

«እኔ» የሚለው ማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ራፐሩ «ገደልኩ፣ ሸጥኩ፣ አመለጥኩ» ሲል ኑዛዜ ነው ወይስ ቅኔ?

ለእኛ ይህ ጥያቄ አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ፉከራና ቀረርቶ ያለው ሕዝብ ነን። ፎካሪ ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ ዱላውን ወይም ጠመንጃውን ነቅንቆ፣ ገዳይነቱን ሲዘረዝር ሰምተን አድገናል። ሠርግ ላይ የፎከረውን ሰው ፖሊስ ጠርቶ ያስያዘ የለም። አድማጩ የፉከራን ሕግ ያውቃል። ፎካሪው ከፊሉን የሠራው፣ ከፊሉን አባቱ የሠራው፣ ከፊሉን ደግሞ ግጥሙ ቤት እንዲመታ የጨመረው ነው። «እኔ» የሚለው አንድ ግለሰብ ብቻ ሳይሆን የጀግና ምስል ነው።

ጋንግስታ ራፕም በዚህ ረገድ የፉከራ ዘመድ ነው። ራፐሩ ብዙ ጊዜ ያየውን፣ የጓደኛውን፣ የሰፈሩንና የምናቡን በአንድ «እኔ» ጠቅልሎ ያወርደዋል። የምልልስ ውድድር ባህሉም ተጋፊውን በቃል ማሸነፍን ይጠይቃል። ግን ልዩነቶቹ ከመመሳሰሉ ያልተናነሰ ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው ልዩነት ጠላቱ ነው። በፉከራ ጠላቱ አገር ሊወር የመጣ ወይም ደም ያለበት ባላጋራ ነው። በጋንግስታ ራፕ ጠላቱ ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚኖር፣ በተመሳሳይ ድህነት ያደገ፣ መልኩም ኑሮውም አንድ የሆነ ልጅ ነው። ሁለተኛው ገበያው ነው። ፉከራ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን አልበም ይሸጣል። በ1991 የአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ የሱቅ ሽያጭን በኮምፒውተር መቁጠር በጀመረ በሳምንታት ውስጥ የኤን.ደብሊው.ኤ. ሁለተኛ አልበም አንደኛ ሆነ። የጎዳናው ታሪክ ጎዳናውን ረግጠው በማያውቁ የነጭ ሰፈር ልጆች ጭምር እንደሚገዛ ኩባንያዎቹ ተረዱ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ የሌለበት ታሪክ ለመሸጥ የሚከብድ ሆነ። ራፐሩም በዘፈኑ የሳለውን ሰው ከመድረክ ውጭ እንዲሆነው ይጠበቅበት ጀመር። ቱፓክ በ1996 በ25 ዓመቱ፣ የኒውዮርኩ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በ1997 በ24 ዓመቱ በመኪና ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተመትተው አለፉ።

ሦስተኛው ሴቶችን የሚመለከት ነው። በዚህ ስልት ውስጥ ሴት የምትቀርበው በአብዛኛው እንደ ዕቃ ወይም እንደ ከዳተኛ ነው። ይህን «የጎዳናው እውነታ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ በዚያው ጎዳና የኖሩት እናቶችና እህቶች የራሳቸው ትረካ ነበራቸውና።

የአስገዶም ልጅ

ኤርሚያስ አስገዶም ነሐሴ 15 ቀን 1985 በሎስ አንጀለስ ተወለደ። እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት፣ አባቱ ከኤርትራ የሄደ ስደተኛ ናቸው። ያደገው ክሬንሾ በሚባለው ሰፈር ሲሆን በጉርምስናው ሮሊን ሲክስቲስ የተባለውን የክሪፕስ ክንፍ ተቀላቀለ። ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። የመድረክ ስሙ ኒፕሲ ራስል በተባለ አሜሪካዊ ኮሜዲያን ስም ላይ የተሠራ ጨዋታ ነው፤ «ሀስል» ማለት ተሯሩጦ፣ ተጣጥሮ፣ ባገኘው መንገድ ገንዘብ ማግኘት ማለት ነው። በእኛ «ሸቀላ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

በ2004 ከአባቱና ከወንድሙ ጋር ወደ ኤርትራ ሄዶ ሦስት ወር ቆየ። ይህ ጉዞ አስተሳሰቡን እንደለወጠው ከዚያ በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ደጋግሞ ተናግሯል። የራሱን መልክ የያዘ ሕዝብ አገሩን ሲያስተዳድር፣ ሲነግድና ሲያዝ ማየቱ ክሬንሾን በሌላ ዓይን እንዲያያት አድርጎታል። «ይህች መንገድ የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከዘፈኖቹ ተለይቶ አያውቅም።

ሙዚቃውን መሸጥ የጀመረው ከመኪና ኮፈን ነው። በ2005 የመጀመሪያውን ሚክስቴፕ አወጣ። ሚክስቴፕ ማለት ያለ ትልቅ ኩባንያ የሚዘጋጅ፣ በእጅ ወይም በኢንተርኔት የሚሰራጭ ስብስብ ነው። ከአንድ ትልቅ አሳታሚ ጋር ተፈራርሞ ብዙም ሳይቆይ ወጣና የራሱን አቋቋመ። በ2013 «ክሬንሾ» የተባለውን ሚክስቴፕ በኢንተርኔት በነጻ ለቀቀው፤ በዚያው ጊዜ 1,000 ቅጂ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጠ። ያበደ መስሏቸው የሳቁ ነበሩ። ሁሉም ተሸጠ። ታዋቂው ራፐርና ባለሀብት ጄይ ዚ ብቻውን 100 ቅጂ ገዛ። ሙዚቃ በነጻ በሚገለበጥበት ዘመን አድናቂው የሚከፍለው ለዘፈኑ ሳይሆን ለደጋፊነቱ መሆኑን ልጁ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

አልበሙ ምን ይላል?

«ቪክትሪ ላፕ» የካቲት 16 ቀን 2018 ወጣ። አሥራ ስድስት ዘፈኖች አሉት። ከአሥር ዓመት በላይ ሚክስቴፕ ሲያወጣ ለኖረው ሰው ይህ የመጀመሪያው መደበኛ የስቱዲዮ አልበም ነበር፤ የመጨረሻውም ሆነ። በቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ አራተኛ ሆኖ ገባ፤ ለግራሚ ሽልማትም የዓመቱ ምርጥ የራፕ አልበም ዕጩ ሆነ።

ርዕሱን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው። አትሌቶቻችን ካሸነፉ በኋላ ባንዲራ ለብሰው ሜዳውን የሚዞሩት ዙር ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሚክስቴፖቹ «ዘ ማራቶን» እና «ዘ ማራቶን ኮንቲኒውስ» ይባሉ ነበር፤ የልብስ ሱቁም ማራቶን ነው። የሩጫው ምሳሌ የሚለው፣ የጎዳና ሕይወት የመቶ ሜትር ሩጫ ነው፤ ፈጣን ገንዘብ፣ ፈጣን ስም፣ ፈጣን ሞት። ማራቶን ግን ትንፋሽ መቆጠብን፣ መታገስንና መንገዱን ማወቅን ይጠይቃል። በሩጫ ያገኘውን ገንዘብ ሕንጻ ያደረገበት፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ሪዞርት የከፈተው ኃይሌ ገብረሥላሴ ባለበት አገር ይህን ሐሳብ ማብራራት አያስፈልግም።

አልበሙ ግን ገራም ነው ማለት አይደለም። ጠንካራ የጋንግስታ ራፕ ሥራ ነው። ጠመንጃ አለበት፣ ዕፅ አለበት፣ የቡድን ስም አለበት፣ ስድብም አለበት። በተለይ «ብሉ ሌስስ 2» የተባለው ዘፈን የዚህን ስልት አሠራር በደንብ ያሳያል። ርዕሱ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ሰማያዊ የጫማ ማሰሪያ ነው፤ ወርቁ ክሪፕስ ነው፤ ሰማያዊ የእነሱ መለያ ቀለም ነውና። በዘፈኑ መጨረሻ ክፍል ጓደኛው በጥይት ተመትቶ በመኪና ወደ ሆስፒታል ሲወስደው ይተርካል። እዚያ ቦታ ላይ ጉራ የለም። የሚሰማው ጓደኛው እንዳይተኛበት ያለማቋረጥ የሚያናግር ሰው ድንጋጤ ነው። ፎካሪው ድንገት ፉከራውን ትቶ ሙሾ ሲያወርድ እንደማለት ነው።

ሌላው የሚጠቀሰው ከዋይ ጂ ጋር የሠራው ዘፈን ነው። ዋይ ጂ ከኮምፕተን የወጣ፣ ወገንተኝነቱ ከብለድስ የሆነ ራፐር ነው። የሁለቱ ጎራ ሰዎች ቂም ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማወቅ ፊደላቸውን ማየት ይበቃል። ክሪፕሶች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «ሲ» እና «ኬ» የሚባሉትን ፊደላት ጎን ለጎን አያስቀምጡም፤ «ክሪፕ ገዳይ» ተብሎ ይነበባል ብለው ነው። በእነሱ ምትክ ሁለት «ሲ» ይጽፋሉ። የዚህ ዘፈን ርዕስም የተጻፈው እንዲሁ ነው። ቃል ሲጽፉ እንኳ የሚጠነቀቁ ሁለት ወገኖች በአንድ ዘፈን ላይ አብረው መቆማቸው በዚያ ከተማ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ሀስል ኤንድ ሞቲቬት» የተባለው ዘፈን ደግሞ ጄይ ዚ በ1998 በሠራው ታዋቂ ዘፈን ላይ የተገነባ ነው። የጄይ ዚ ዘፈን በተራው ከ«አኒ» የሙዚቃ ቴያትር የተወሰደ የወላጅ አልባ ሕጻናት መዝሙር ነው። ማሳደጊያ ውስጥ ያሉ ሕጻናት ስለ ከባድ ኑሯቸው የሚዘምሩት ዜማ ሁለት ትውልድ ተሻግሮ የክሬንሾ ልጅ የሥራ መዝሙር ሆነ። በራፕ ውስጥ የቆየ ዜማን ቆርጦ መጠቀም ስርቆት የሚመስለው አድማጭ ካለ፣ ይህ ለምን እንደሚደረግ ያሳየዋል። የእኛም ሙዚቃ በዚህ መንገድ ተጉዟል፤ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 አብረው ያወጡት አልበም የሚከፈተው በሙላቱ አስታጥቄ ዜማ ላይ በተሠራ ዘፈን ነው።

አልበሙን ከቀደሙት የሚለየው የጉራው ይዘት ነው። የቀድሞው ጋንግስታ ራፐር የሚፎክረው በገደለው ወይም በገዛው መኪና ነበር። ኒፕሲ መኪናውን ባይተውም፣ ደጋግሞ የሚፎክረው በባለቤትነት ነው። የሙዚቃውን መብት አለመሸጡን፣ ሕንጻ መግዛቱን፣ ሠራተኛ መቅጠሩን፣ ከባንክና ከጠበቃ ጋር መቀመጡን ይዘረዝራል። ከጥይቱ ሥር የሒሳብ መዝገብ አለ። በእኛ እምነት አልበሙን ማዳመጥ የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። የጎዳና ታሪክ መነሻው ጠመንጃው ሳይሆን ሥራውና ንብረቱ እንደሆነ በግልጽ የሚናገር ሥራ ነው።

ይህ ደግሞ በቃል አልቀረም። በወጣትነቱ ከፊቱ ቆሞ ሲሸጥ የኖረበትን፣ ፖሊስ ያባርረው የነበረበትን የስላውሰንና የክሬንሾ መንገዶች መገናኛ የሚገኝ የሱቆች ግቢ ከሸሪኩ ጋር ገዛው። በ2017 ማራቶን የልብስ ሱቁን እዚያው ከፈተ። ከእስር የወጡ የሰፈር ልጆችን ቀጠረ።

ከሱቁ ደጃፍ

መጋቢት 31 ቀን 2019 በዚሁ ሱቅ ፊት ለፊት ቆሞ ከሰዎች ጋር ሲጫወት፣ የአንድ ሰፈርና የአንድ ቡድን ሰው የሆነ ኤሪክ ሆልደር የተባለ ሰው ቀርቦ አናገረው። በፍርድ ቤት እንደተሰማው በመካከላቸው የነበረው ጉዳይ ከፖሊስ ጋር ተባብረሃል የሚል አሉባልታ ነበር። ሰውየው ሄዶ ተመልሶ መጣና ተኮሰ። ኒፕሲ በ33 ዓመቱ ሞተ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ቆሰሉ። ገዳዩ በ2022 ጥፋተኛ ተብሎ በ2023 ከ60 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ልብ የሚሰብረው ነገር በማግስቱ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ አመራሮች ጋር የወሮበላ ቡድኖችን ጥቃት ስለመቀነስ የሚመክር ስብሰባ ተይዞ መገኘቱ ነው። ሚያዝያ 11 በተካሄደው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓቱ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የተላከ ደብዳቤ ተነቧል፤ አስከሬኑ በከተማዋ 25 ማይል ያህል ዞሯል። ለዓመታት ሲገዳደሉ የኖሩ ቡድኖች አብረው ሰልፍ ወጡ። በ2020 ከሞተ በኋላ ሁለት የግራሚ ሽልማቶች ተሰጡት።

ሞቱ አልበሙን ውሸት ያደርገዋል? አያደርገውም። ግን ያላለቀ ነገር እንዳለ ያሳያል። አንድ ሰው የመንገዱን ጥግ በሕጋዊ ውል ሊገዛ ይችላል፤ የመንገዱን ልማድ ግን ብቻውን ሊገዛው አይችልም። ለሰፈሩ ታማኝ ሆኖ እዚያው መቆየቱ ያስከበረው ሲሆን፣ ለሞት ያጋለጠውም እሱው ነው።

የ«እኔ» ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም መዘዝ አለው። ዓቃቤ ሕግ የራፕ ግጥምን እንደ ማስረጃ ሲያቀርብ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጆርጂያ ግዛት ዓቃቤ ሕግ ራፐር ያንግ ታግን በወንጀል ቡድን መሪነት ሲከስ ግጥሞቹን ጠቅሷል፤ ጉዳዩ በ2024 በጥፋተኝነት ቃልና በገደብ ተቋጨ። ካሊፎርኒያ በአንጻሩ በ2022 ባወጣችው ሕግ የፈጠራ ሥራ በማስረጃነት ከመቅረቡ በፊት ዳኛው አድሏዊነቱን እንዲመዝን አስገድዳለች። ከሠርግ ላይ ፎካሪን ማሰር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ የእውነት ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

ወደ ሐዋሳ ስንመለስ

ሐዋሳን ከሎስ አንጀለስ ጋር ማመሳሰል ስህተት ነው። በዚህች ከተማ ክሪፕስና ብለድስ የሉም፤ መሣሪያውም፣ የዕፅ ገበያውም፣ የዘር መድልዎ ታሪኩም ያንን አይመስልም። ይሁንና ከአልበሙ ጀርባ ያለውን የነገሮች ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይጠቅማል። መጀመሪያ ሥራ ይሄዳል። ቀጥሎ ወጣቱ ጎዳና ላይ ይቀራል። ከዚያ ለወጣቱ ስም ይወጣለታል። ዘፈኑ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ስም ማውጣቱን እኛም እናውቀዋለን። በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ሲወጣ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሥራ አጥ ወጣት በሕግ ቋንቋ ውስጥ ቦታ አገኘ። ካሊፎርኒያም በ1988 የጎዳና ሽብርን ለመከላከል በሚል የወሮበላ ቡድን አባልነትን የሚመለከት ሕግ አውጥታ ነበር። ሁለቱ አገሮች የተለያዩ ቢሆኑም ወጣቱን በሥራው ሳይሆን በአቋቋሙ መፈረጅ የጋራ ጠባያቸው ነው።

የሥራውንም ጉዳይ ሐዋሳ ታውቀዋለች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች በርካታ ወጣቶችን፣ በተለይም ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አመጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የፓርኩ ግንባር ቀደም ደንበኛ የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ መውጣቱን አስታወቀ፤ በማግስቱ ወር ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ገበያ ታገደች። ሥራ ያጣ ሁሉ ወደ መጣበት አልተመለሰም። ፋየርስቶን በ1980 ሲዘጋ ክሬንሾና ኮምፕተን የዘፈን ርዕስ ይሆናሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ይህን የምንለው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ የጎዳና ሙዚቃ ከልጆች ብልግና ብቻ የሚወለድ የሚመስላቸው ሰዎች የፋብሪካውን በርም እንዲያዩት ነው።

ራፕ በአማርኛም እግር ተክሏል። ቴዲ ዮ የጉራጌን ምት ከሂፕሆፕ አዋህዶ ጉራጌ ቶን ብሎታል፤ ልጅ ሚካኤልና ካስማሰም የየራሳቸውን ስልትና አድማጭ ይዘው መጥተዋል። በውጭ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው የሲያትሉ ገብርኤል ቴዎድሮስ በ2007 «ላቭወርክ» በተባለው አልበሙ ከወሮበላው ይልቅ የስደተኛውን ልጅ ድምፅ መርጧል። የጋንግስታ ስልት ግን በአማርኛ ራሱን የቻለ ፈርጅ ሆኖ አልቆመም። ይህ ጉድለት አይደለም። ያልኖሩበትን ጠመንጃ መዝፈን ከኮፍያና ከሰንሰለት ኪራይ አይለይምና።

መወሰድ ያለበት የአሠራር ዘዴው ነው። የራስን መንገድ በስሙ መጥራት፣ ያዩትን በዝርዝር መናገር፣ የማን ንብረት እንደሆነ መጠየቅ። የሐዋሳ ጎዳና ለዚህ ስንቅ አያጣም። በአሞራ ገደል ዓሣ የሚገፈው ልጅ፣ ከወላይታ ወይም ከከምባታ መጥቶ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ፣ ሲዳምኛን፣ ወላይትኛንና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚቀላቅለው የባጃጅ ሾፌር፣ ደመወዟን ከፍላ ለቤት ኪራይ፣ ከፍላ ለቤተሰብ የምትልከው የልብስ ስፌት ሠራተኛ የየራሳቸው «እኔ» አላቸው።

ለወላጆችና ለመምህራን አንድ ተግባራዊ ነገር ብንጨምር፣ መከልከል ብዙም አይሠራም፤ የኤፍ.ቢ.አይ. ደብዳቤ እንኳ አልሠራም። ከልጁ ጋር አንድ ዘፈን አብሮ አዳምጦ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል። «እኔ» የሚለው ማን ነው፤ ራሱ ዘፋኙ ወይስ የፈጠረው ሰው? ጠላት የተባለው ማን ነው፤ ምን አደረገው? ከዘፈኑ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ማን ይሄዳል? እነዚህን የመለሰ ልጅ ጥይቱን ከታሪኩ መለየት አይከብደውም። ወላጁም ቢሆን ከስድቡ በስተጀርባ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤትና ስለ ጓደኛ ሞት የሚያወራ ሰው እንዳለ ይሰማዋል።

ኤርሚያስ አስገዶም የድል ዙሩን ሲጀምር ማራቶኑ ያለቀ መስሎት ነበር። ሩጫው ግን ከእሱ ሌላ የሚሮጡም ነበሩበት፤ እነሱ ገና መንገድ ላይ ነበሩ።